ታቦቱ ስንት ዓመቱ ነው? ሕንፃውስ? የጎንደርን ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ለሚፈልጉ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ለጥምቀት እናቴን ይዤ ጎንደር ልሄድ ነው። እናቴ ከሁሉ የቆየውን ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም አልመለስም ብላለች። ባለፈው ዓመት የሄደች ጓደኛዬ ግን ግራ ተጋብታ ነው የመጣችው። አንድ ደብር ‹ዐፄ ፋሲል የተከሉት ነው› ተብላ ስትገባ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ አገኘችው። በጎንደርና በአካባቢው በእርግጥ የቆየው ቤተ ክርስቲያን የቱ ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጓደኛዎን የዋሻት ሰው የለም። ያ ደብር የዐፄ ፋሲል ሊሆን ይችላል። ሕንፃው ደግሞ የትናንት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የእኔ ሥራ የጥንት ሕንፃ ጥገና ነው። ግድግዳና ጣሪያ ሳይ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ጥያቄዎን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። በእኛ አገር አንድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ዕድሜ አለው። የታቦቱ፣ የሕንፃውና የሥዕሉ። ሦስቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው።

ለካህኑና ለምእመኑ ቤተ ክርስቲያን ማለት ታቦቱ ነው። እሳት ሲነሳ ወይም ጠላት ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ዋሻ ይገባል፣ ገጠር ይከርማል። አገር ሲረጋጋ ይመለሳል። በዚያው አጥር ግቢ፣ በዚያው መሬት ላይ መቅደስ ይሠራለታል። ስሙ አይለወጥም፣ ንግሡ አይለወጥም። ሕንፃው አምስት ጊዜ ቢታደስ እንኳ ሰው «የፋሲል ደብር» ማለቱን አይተውም። ልክ ነው። የጓደኛዎ ዓይን ያየው ግን ሕንፃውን ነው።

ታዲያ ጎንደር ውስጥ ሕንፃዎቹ የት ሄዱ?

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት የነገሡት ነገሥታት፣ እቴጌዎችና መኳንንት ደብር ሲተክሉ ኖሩ። «የ44ቱ ታቦት አገር» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ዓይነት መንገድ አልተሠሩም። የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ ነው የቆመው። አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ግን ክብ ነበር። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ማገሩ እንጨት፣ ክዳኑ ሣር። እንዲህ ያለ ቤት ከእሳት ጋር አይስማማም። ያለ እሳትም ቢሆን ሣሩ በየጊዜው ይለወጣል፣ የበሰበሰው እንጨት ይቀየራል፣ የዘመመው ግድግዳ ፈርሶ ይገነባል።

እሳቱም አልቀረም። በኅዳር 1859 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጠሉ። ከዚያ ቀደም ብለውም ከየደብሩ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ሰብስበው ወስደዋል። መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ የመጻሕፍት ክምችት ነበራቸው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ከዚያ ክምችት ወደ 350 የሚሆን የብራና መጽሐፍ ለንደን ገባ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጎንደር ውስጥ የተጻፉ፣ በጎንደር ደብሮች ቅዳሴ የተቀደሰባቸው ናቸው። ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ ይደማል። ሕንፃ ቢቃጠል መልሶ ይሠራል። በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ የተጻፈው የርስትና የጉልት ውል፣ የተካዮቹ ስም፣ የደብሩ ታሪክ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።

ሁለተኛው መዓት የባሰ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት ደምቢያ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ሰብሮ ጎንደር ገባ። ከተማዋ ተዘረፈች። አብያተ ክርስቲያናቱ አንድ በአንድ ተቃጠሉ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት ከዚያ በኋላ በመጋቢት 1881 ዓ.ም ነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥ የሚያዩት አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ከዚህ መዓት በኋላ የተሠራ ነው። የጓደኛዎ ብሎኬት ምንጩ እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ።

በከተማው ውስጥ መልሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ይህን ሳልጠራጠር እላለሁ። የተከሉት ታላቁ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ ናቸው። ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው በ1686 ዓ.ም ነው። ድርቡሽ ሲመጣ ከእሳት የተረፈ ደብር ነው። ካህናቱ ሲተርኩ ከግቢው የንብ መንጋ ወጥቶ ወታደሩን አባረረው ይላሉ። እናትዎ ይህን ታሪክ ከቄሱ አፍ ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል።

ግን እዚህም ሦስቱን ዕድሜ እንለያቸው። የኢያሱ የመጀመሪያ ሕንፃ እንደሌሎቹ ክብ ነበር። መብረቅ ጎድቶታል። ዛሬ የቆመው አራት ማዕዘን ነው፣ ረዘም ያለ፣ በዙሪያው ሰቀላ መሰል መመላለሻ ያለው። በኋላ ነው የተሠራው። በዙሪያው መሬት ላይ ልብ ብለው ካዩ የቀድሞው ክብ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ መስመሩን ያሳያል። እኔ እዚያ ስሄድ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲገባ እኔ አጎንብሼ እዞራለሁ።

ሥዕሉስ? ጣሪያው ላይ ተደርድረው ቁልቁል የሚያዩት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በዓለም የታወቁ ናቸው። በምሥራቅ በኩል፣ ከመቅደሱ በር በላይ፣ ሥላሴ በሦስት ተመሳሳይ አረጋውያን አምሳል ተሥለዋል። ከሥራቸው ስቅለት አለ። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በታላቁ ኢያሱ ዘመን የተሣለ ይመስለዋል። ነገር ግን በሥዕሉ ውስጥ የዐፄ ዕጓለ ጽዮን ምስል አለ። እሳቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ፣ በዘመነ መሳፍንት የነገሡ ናቸው። ሥዕሉም የዚያ ዘመን እጅ ነው። እንግዲህ ደብሩ የኢያሱ፣ ሕንፃው ከኢያሱ በኋላ፣ ሥዕሉ የመሳፍንት ዘመን ሆነ። ይህን ማወቅ ክብሩን አይቀንሰውም። እንዲያውም እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ንጉሥ ስም ብቻ በሆነበት፣ መኳንንቱ እርስ በርስ በሚዋጉበት ዘመን፣ ጎንደር ውስጥ እንዲህ የሚሥል እጅ ነበረ።

አጥሩንም አይለፉት። 12 ክብ ግንቦች አሉት፣ በሐዋርያት ቁጥር። የመግቢያው ግንብ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ምሳሌ ነው ይባላል። ድንጋይና ኖራው ከሕንፃው ይልቅ ስለ ኢያሱ ዘመን ይናገራል።

«ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌላ ሁሉም ተቃጠለ» ሲባል ይሰማሉ። ብዙም ከእውነት አይርቅም። ግን አንድ ምስክር አለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አባ እንጦንስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጻድቁ ዮሐንስ፣ የኢያሱ አባት የተከሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በማርሴል ግሪዮል መሪነት ጎንደር ደረሰ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ላይ የነበሩትን ጥንታዊ ሥዕሎች አወረዷቸው። ከቡድኑ ጋር የመጣ ሠዓሊ ቅጂ ሠርቶ በቦታቸው ተለጠፈ። ዋናዎቹ ፓሪስ ሄዱ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

ሥዕል ከግድግዳ ተነሥቶ እንዴት ይሄዳል ይሉ ይሆናል። በጎንደር ዘመን ሠዓሊው በቀጥታ በልስኑ ላይ አይሥልም ነበር። የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ሥዕሉ በጨርቁ ላይ ያርፋል። ይህ ዘዴ ሥዕሉን ከግድግዳው እርጥበት በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀዋል። ሊነቀል መቻሉ ግን በአባ እንጦንስ ላይ መዘዝ ሆነ። እንግዲህ ከጎንደር ከተማ የቆዩ የግድግዳ ሥዕሎች አንዱን ክፍል ማየት የሚፈልግ ሰው ፓሪስ መሄድ አለበት ማለት ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ቦታቸው መቅደሱ ነው።

ቁስቋምን እናትዎ መቅረት አይፈልጉም ብዬ እገምታለሁ። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ነው። ስሙ ቅድስት ድንግል ልጇን ይዛ በስደት ከቆየችበት የግብፁ ቁስቋም የተወሰደ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ድርቡሽ ካቃጠለው በኋላ የተሠራ ነው። የቆየው በዙሪያው ያለው ነው። የእቴጌይቱ ግንብ፣ የግብር አዳራሹ፣ አጥሩ። በግንቡ ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች ይፈልጉ። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅምም እዚያው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ሲመጣ እዚሁ ቁስቋም ነው በፈንጣጣ የታመሙ የእቴጌይቱን ቤተሰብ ልጆች ያከመው።

በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያሉትን ደብሮች፣ ግምጃ ቤት ማርያምን፣ እልፍኝ ጊዮርጊስን፣ አደባባይ ኢየሱስን፣ አጣጣሚ ሚካኤልን፣ ለበረከት ይሳለሙ። የጥንት ሕንፃ ፍለጋ ከሆነ ግን ከከተማው መውጣት አለብዎ።

እውነተኛው ሀብት ጣና ዳር ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ በደምቢያና በጣና ዙሪያ ነበር የሚቀመጡት። ዐፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ፣ አዘዞና ጎርጎራ ከተሙ። የጎንደርን ክልል አብያተ ክርስቲያናት የሚፈልግ ሰው ከፋሲል ሳይሆን ከአባቱ ነው መነሳት ያለበት።

ጎርጎራ ከጎንደር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሐይቁ ዳር ደብረ ሲና ማርያም አለች። በእኔ ግምት ከጎንደር ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሊታይ ከሚችለው ሁሉ ውድ የሆነችው እሷ ናት። ትውፊቱ ምሥረታዋን ወደ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ያደርሰዋል። ክብ ናት፣ የሣር ክዳን አላት፣ ከውጭ ስትታይ ቀላል ጎጆ ትመስላለች። ቅኔ ማሕሌቱን አልፈው ቅድስት ሲገቡ፣ መቅደሱ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ያገኙታል። ይህ ሥዕል የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያሣሉት የሱስንዮስ ልጅ፣ የፋሲል እህት መለኮታዊት ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ጎንደር ከተማ ሳትሆን የተጀመረው የጎንደር አሣሣል እዚህ አለ። ሰዎቹ ትላልቅ ዓይኖች አሏቸው። ቀለሙ ብሩህ ነው፣ ጥላ የለውም፣ ጀርባው ሜዳ ነው። የልብሱ እጥፋት በመስመር ብቻ ነው የሚታየው።

እዚሁ ጎርጎራ አካባቢ ማርያም ግንብ የሚባል ፍርስራሽም አለ። የድንጋይና የኖራ ሥራ ነው፣ ውስጡ የተቀረጹ አበባዎች ነበሩት። ሰው አይቶ «ይኸው ከሁሉ የቆየው» ይላል። ይህ ግን ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን፣ በካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ ስብከት ካቶሊክ በሆኑበት ጊዜ የተሠራ ነው። በ1624 ዓ.ም ልጃቸው ፋሲል ሃይማኖቱን ሲመልሱ ነገሩ አበቃ። የሕንፃ ጥበቡ ትልቅ ነው፣ ጎንደር የኖራ ሥራን ከዚያ ዘመን ወርሳለች። እናትዎ ሊሳለሙት የመጡት ደብር ግን ይኼ አይደለም።

ሁለተኛው ቦታ ናርጋ ሥላሴ ነው። በጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት አጠገብ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት ነው። ውኃው ስለጠበቀው ሕንፃው፣ በሩ፣ ሥዕሉ ከአንድ ዘመን ተርፈዋል። ከላይ ሦስቱ ዕድሜ እኩል የሚሆንበት ቦታ ጥቂት ነው ያልኩት እንዲህ ያለውን አስቤ ነው። ቁስቋም ሳይቃጠል ምን ይመስል እንደነበር መገመት የሚፈልግ ናርጋን ይይ። አንዲቱ እቴጌ ናቸው ሁለቱንም ያሠሩት። በሥዕሉ ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። የአሣሣሉ ልዩነትም ግልጽ ነው። ከደብረ ሲና ጋር ያወዳድሩት። እዚህ ፊቱ ጥላ አለው፣ ጉንጩ ይሞላል። ጀርባው ከቀይ ወደ ቢጫ እየተዋሃደ ይሄዳል። ልብሱ የሕንድ ሐር ይመስላል። ሁለቱን አንዴ አይተው ከለዩ፣ ከዚያ በኋላ የትም ደብር ገብተው ሥዕሉ ከምንትዋብ በፊት ይሁን በኋላ ራስዎ ይናገራሉ።

ናርጋ ሴቶች ይገባሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለሴት የተከለከሉ ገዳማት ናቸው። ለወንድምዎ ወይም ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። የዐፄ ፋሲል አስከሬን ያረፈው ዳጋ ነው። ባሕር ዳር ከደረሳችሁ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ እዚያም ሴት ይገባል።

አሁን አንድ የሙያ ነገር ልንገርዎ፣ የትም ደብር ሲገቡ ይጠቅምዎታል። ከውጭ ባለው ግድግዳ አይፍረዱ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ መጀመሪያ የሚለወጠው ክዳኑና የውጩ ግድግዳ ነው። መቅደሱ፣ መሀል ላይ ያለው አራት ማዕዘን ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ ዕድሜውን ከውስጥ ወደ ውጭ ያንብቡ። በሩን ይዩ። የቆየ በር ከአንድ ወጥ ሳንቃ ተጠርቦ የወጣ ነው፣ ማጠፊያ የለውም፣ ከላይና ከታች በራሱ ምሶሶ ይሽከረከራል። የመጥረቢያው ምት በጣት ይዳሰሳል። ከዚያ የጨርቁን ጠርዝ ይፈልጉ። ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ከሆነና ጠርዙ ከተላቀቀ፣ ከሥሩ ሌላ የቆየ ሥዕል ሊኖር ይችላል። ዛፎቹንም ይዩ። ሕንፃው አዲስ ሆኖ ጥዱና ወይራው ሦስት ሰው የማያቅፈው ከሆነ ደብሩ የቆየ ነው። ዛፍ የሚቆርጠው ስለሌለ።

ይህን ስጽፍልዎ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር አለ። ዛሬ የእነዚህ ቤተ ክርስቲያናት አደጋ እሳት ብቻ አይደለም። ፍቅር ያመጣውም አለ። ምእመኑ ከአዲስ አበባም፣ ከአሜሪካም፣ ከአረብ አገርም ገንዘብ ያዋጣል። ደብሩ መጀመሪያ የሚገዛው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ሣር ክዳን በየጊዜው ይለወጣል፣ ሣሩም ከዳኙም እየጠፋ ነው። ግን ሲሚንቶ በኖራና በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲለሰን ግድግዳው መተንፈስ ያቅተዋል። ውስጡ የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል። ወደ ውስጥ ይገፋል። ወደ ውስጥ ማለት ወደ ሥዕሉ ማለት ነው። ሙጫው ይለቃል፣ ጨርቁ ይነፋል፣ ቀለሙ ይረግፋል። የውጩ ግድግዳ ያማረ መስሎ የውስጡ ቅዱስ ፊቱ ሲወድቅ አይቻለሁ። ቆርቆሮም ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፣ ከሥሩ ላብ ያንጠባጥባል። ሌላው ደግሞ የደበዘዘ ሥዕል ላይ በዘይት ቀለም መደረብ ነው። ከተደረበ በኋላ የቀድሞውን እጅ መመለስ በጣም ከባድ ነው።

ስለዚህ ስለት ከሰጡ «ለክዳን ሣርና ለኖራ» ብለው ይስጡ። ለአለቃው ለይተው ይንገሯቸው። ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ። እነሱም የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው።

ለጉዞው ደግሞ ቀኑ ተመችቶልዎታል። ጥር 7 የሥላሴ ንግሥ ነው። ጥር 6 ማታ ጎንደር ከገባችሁ እናትዎ ደብረ ብርሃን ሥላሴን በንግሡ ቀን ይሳለማሉ። ያን ቀን ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ሥዕሉን ማየት አይታሰብም። ጥር 8 ጠዋት፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ተመለሱ። ዓይናቸው ከጨለማው ጋር እስኪለማመድ ትንሽ ይቀመጡ። ለፎቶ ፍላሽ አይጠቀሙ። ከሰዓት በኋላ ቁስቋም። ጥር 9 በጠዋት ተነሥታችሁ ጎርጎራ፣ ደብረ ሲና ማርያም። መቅደሱን የሚያሳየው ሰው ምሳ ላይ ሊሆን ስለሚችል ከረፋዱ በፊት ድረሱ። ማታ ጎንደር ትመለሳላችሁ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገድ ዳር ቦታ ለመያዝ ከስድስት ሰዓት በፊት ይውጡ። ለእናትዎ ዱካ ይያዙላቸው፣ መቆሙ ረጅም ነው።